ቤተ ሰብ የሚሠራው መኪና፤ የጉለሌ የሸማኔ ዕቃ ታሪክ

ከእንጦጦ ግርጌ፥ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ግራና ቀኝ ባሉት የጉለሌ መንደሮች ማልዶ የሚያልፍ ሰው፥ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በአጥር ሥር ከችካል እስከ ችካል በተዘረጋው ነጭ ድር ላይ ነው። ጥቂት ራመድ ሲል ደግሞ ማጉን የሚያጠብቀው ማበጠሪያ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ከየቤቱ ይወጣል። ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለ ሸማው፥ ስለ ጥበቡና ስለ ጥለቱም ብዙ ተነግሯል፥ ብዙም ተጽፏል። ሸማው ስለሚሠራበት ዕቃ ግን፥ ይኸውም ማን እንደሚሠራው፥ ከምን እንደሚሠራና ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ አስቦ የጻፈ ሰው ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም የሽመና መኪና ሠሪዎች ታሪክ ራሱን የቻለ የጥናት ክፍል ሆኗል። በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ የፕላት ቤተ ሰብ፥ በጃፓን በካሪያ ከተማ የቶዮዳ ቤተ ሰብ፥ ሁለቱም ከአንድ አባት የእጅ ሥራ ተነሥተው ለዓለም መኪና የሚሸጡ ታላላቅ ኩባንያዎች ለመሆን በቅተዋል። ጉለሌ እንዲህ ያለ ኩባንያ ኖሮት አያውቅም። ነገር ግን የነገሩ ሥር፥ ማለት አንድ ቤተ ሰብ በገዛ እጁ የሽመና መሣሪያ ሠርቶ፥ ጠግኖና ለልጁ አውርሶ መኖሩ፥ በጉለሌ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ በጉለሌ የመኪና ሠሪ ቤተ ሰብ ነበረን ወይስ አልነበረም የሚል አይደለም። ነበረ፥ አሁንም አለ። ጥያቄው፥ የአንዱ ቤተ ሰብ ሥራ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ፋብሪካ ሲሆን የሌላው ከደጃፉ ሳይወጣ የቀረው ስለ ምን ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። መኪና የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፥ በአማርኛ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ለተሽከርካሪ ቢነገርም፥ የልብስ ስፌት መኪና እንደምንል ለማናቸውም ሥራ ለሚሠራ መሣሪያ ሁሉ የሚያገለግል ነው። የሸማኔውን መሣሪያ ግን መኪና የሚለው ሰው የለም፤ ስሙ «ዕቃ» ብቻ ነው። ዕቃ የሚባለው ደግሞ ድስቱም አልጋውም ነው። ነገር ግን እግር ሲረግጥ ድሩን ከሁለት የሚከፍል፥ እጅ ማጉን ሲወረውር መልሶ የሚዘጋ፥ ከዚያም በምት የሚያጠብቅ፥ እነዚህን ሦስት ሥራዎች በተራ የሚያስተባብር መሣሪያ በየትኛውም ሚዛን ቢመዘን መኪና ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሙን ለመለወጥ አልሞክርም፤ አንባቢው ግን ዕቃ ሲባል ምን ያህል ነገር በስሙ ውስጥ እንደ ተሸሸገ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።

የጉለሌው ዕቃ በቀድሞው አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤቱ ወለል ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ያወርድና ሁለቱን መርገጫዎች በተራ ይረግጣል። መርገጫዎቹ በገመድ የተያያዙት ከፊቱ ከተንጠለጠሉት የክር ቀለበቶች ጋራ ነው፤ እያንዳንዱ የድር ክር በአንዱ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀኙ ሲረገጥ ግማሹ ድር ይነሣል፥ ግራው ሲረገጥ ሌላው ግማሽ። በመካከል በሚከፈተው መንገድ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በሆዱ ውስጥ ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም ይዟል። ከዚህ በኋላ ከቀጫጭን የሸምበቆ ስንጣሪ የተሠራው ጥርሰ ብዙ ማበጠሪያ ወደ ሸማኔው ይሳብና ማጉን ይመታል። የተሠራው ሸማ ከሆዱ ፊት ባለው ወፍራም እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ያልተሠራው ድር ደግሞ ከፊቱ ርቆ በችካል ተወጥሮ ይቆያል፥ ሥራው እየገፋ ሲሄድም ይለቀቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ እንጨት ናቸው፤ በአዲስ አበባ እነዚህን የሚሰጠው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ የእንጦጦን ጋራ የሸፈነው ባሕር ዛፍ ሆኗል። ቀለበቶቹ ሸማኔው ራሱ ከሚያከርረው የጥጥ ክር ይሠራሉ። መወርወሪያው ከጠንካራ እንጨት ይጠረባል። እጅ የሚፈትነውና ልምድ የሚጠይቀው ማበጠሪያው ነው፤ ጥርሶቹ እኩል ካልሆኑ ሸማው ይበላሻል፥ ጥርሱ የበዛው ለስስ ነጠላ፥ የሳሳው ለወፍራም ጋቢና ቡልኮ ይሆናል። ስለዚህ ማበጠሪያ የመሥራት ችሎታ ያላቸው ሰዎች በሸማኔዎች ዘንድ የተለየ ክብር አላቸው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይሠራል፥ በገንዘብም ይሸጣል። የዕቃ ሠሪነት ንግድ በጉለሌ ውስጥ ጅምር ካለው ጅምሩ እዚህ ላይ ነው።

የሸማው ወርድ የሚወሰነው በዕቃው ሳይሆን በሰውየው ክንድ ነው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ በመሆኑ፥ ሁለት እጅ ከሚደርስበት በላይ ወርድ ያለው ሸማ መሥራት አይቻልም። ጋቢና ኩታ ከሁለት ክፍል ተሰፍተው የሚገጣጠሙት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ ተስቦ በራሱ የሚሮጥ መወርወሪያ ያወጣው ይህንኑ ወሰን ለመስበር ነበር። ምስጋና ግን አላገኘም፤ ከአገሩ ተሰድዶ በፈረንሳይ በድህነት ሞተ።

ሽመና በአገራችን ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። ንጉሥ ዔዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ፥ በኖባ ምድር ካጠፋቸው ነገሮች መካከል ጥጥ ይገኛል። ከዚያ በፊት በአዱሊስ ወደብ የሕንድ የጥጥ ልብስ ይገባ እንደ ነበረም የዘመኑ የግሪክ መርከበኞች መጽሐፍ ይመሰክራል። በሰሜኑ ክፍል፥ በተለይም በጎንደር ዙሪያ፥ ሥራው ባብዛኛው በእስላሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ነበረ። በዚህ አልቆይም፤ የጉለሌው ነገር የሚጀምረው ከደቡብ ነውና።

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው የጋሞ ደጋ፥ ከጨንቻ አጠገብ የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች እንሰት ተካዮችና ገበሬዎች፥ ከቀርከሃ የተሸመነ ረዥም ቤት የሚሠሩ፥ ጥጥ ከቆላው ገዝተው ሴቶቹ የሚፈትሉ፥ ወንዶቹ የሚሸምኑ ሕዝብ ናቸው። ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ ልብስ ዛሬም የታወቀ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ግን ሽመናው መልኩን ለወጠ። በጨንቻ የሰፈረው ወታደርና ሹም ነጭ ሸማ ለባሽ ነበር፤ ሸማውን የሚፈልግ ገበያ በደጃቸው ተተከለ። በሌላው ወገን ደግሞ ገባርነትና ግብር መጣ፤ መሬቱ የጠበበበትና ገንዘብ የተጠየቀ ገበሬ ልጁን ከማረሻው ይልቅ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሰደደ። አሜሪካዊቱ የሥነ ሰብእ ሊቅ ጁዲት ኦልምስቴድ በዶርዜ ኖራ ያደረገችው ጥናት ይህን የመሬትና የሽመና ግንኙነት በሚገባ ያሳያል። ስለዚህ ዶርዜ «ከጥንት ጀምሮ ሸማኔ ሆኖ የተፈጠረ» ነው እየተባለ በከተማ የሚወራው ወሬ ከታሪክ ጋራ አይስማማም። ሽመናን የሚያውቅ ገበሬ ነበረ፤ ሸማኔ ብቻ ያደረገው ዘመኑ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የመጡትም ገበያውን ተከትለው ነው። ቤተ መንግሥቱ፥ መኳንንቱ፥ ቤተ ክህነቱና ወታደሩ ሁሉ በአንድ ከተማ በተሰበሰቡ ጊዜ ሸማ ፈላጊው በዛ። ጉለሌ ከገበያ የማይርቅ፥ ከእንጦጦ እንጨትና ከወንዞቹ ውኃ የሚገኝበት፥ ኪራዩም ከመካከለኛው ከተማ የረከሰ ሰፈር ነበር። አንዱ ወንድም ሌላውን፥ አጎት የእኅቱን ልጅ እየጠራ ሰፈሩ ሞላ። እነዚህ ሰዎች ግን ከአገራቸው አልተቆረጡም። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን የጉለሌ ዕቃ ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ጋሞ ደጋ ይወርዳል፥ ልጁን ይድራል፥ ክብሩም ከፈቀደለት ሀላቃ ተብሎ ይሾማል። የሸማኔው ትርፍ የት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ አንደኛው መልስ ነው። ፕላትና ቶዮዳ ትርፋቸውን ወደ ብረት ለወጡት፤ የዶርዜ ሸማኔ ወደ አገሩ፥ ወደ ዘመዱና ወደ ሹመቱ ወሰደው። ይህን ብክነት የሚሉት የምጣኔ ሀብት ጸሐፊዎች አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን፥ የከተማ መሬቱ በእጁ ያልገባ፥ በከተማውም የሚናቅ ሰው ገንዘቡን በሚከበርበት ቦታ ማዋሉ የሚያስወቅስ አይደለም።

ስለ ንቀቱ ከተነሣ አይቀር፥ አንድ የተረሳ ነገር አለ። በጋሞ ባሕል የተናቁት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ናቸው፤ ሸማኔ ከሙሉ የአገር ልጅነት መብት የተገለለ ሰው አልነበረም። «ዶርዜ» የሚለው የሕዝብ ስም ስድብ የሆነው፥ ሸማኔ ሁሉ ከቡዳና ከጠይብ ጋራ በአንድ አፍ የተሰደበው በአዲስ አበባ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለቤቶችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ለዘመኑ ታላቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ስድቡ ባይበዛ ኖሮ አዋጁም ባላስፈለገ ነበር። ከአዋጁም በኋላ ብዙ ዘመን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሸማኔ ልጅ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ ነው» እያለ ሲመልስ ኖሯል።

አሁን ወደ ባሕር ማዶዎቹ ቤተ ሰቦች እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1770 በሳድልወርዝ አውራጃ ዶብክሮስ በምትባል መንደር ሄንሪ ፕላት የሚባል ባለ እጅ የጥጥ ወይም የሱፍ ማባዘቻ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ሥራው ብረት ቀጥቃጭነት ነው። የልጅ ልጁ፥ እርሱም ሄንሪ የተባለው፥ ወደ ኦልድሃም ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1822 ከኤላይጃ ሂበርት ጋራ ማኅበር ገባ። ከዚያ የሄንሪ ልጆች ድርጅቱን ይዘው፥ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፕላት ወንድማማቾች በዓለም ከሁሉ የበለጠ የፈትልና የሽመና መኪና ሠሪ ሆኑ፤ ከ12000 በላይ ሠራተኛ ነበራቸው። ጸሐፊው በትምህርት ምክንያት በእንግሊዝ አገር በነበረበት ጊዜ፥ በማንቸስተር ሙዚየም የፕላት ስም በብረቱ ላይ የተጻፈበትን የፈትል መኪና አይቷል። ከመኪናው ግዙፍነት ይልቅ የገረመኝ የስሙ ነገር ነበር፤ የቀጥቃጭ ስም በጉልህ ፊደል ተቀርጾ፥ ሰው እንዲያነበው በፊት ለፊት ተቀምጧል። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ስሙን ይደብቅ ነበር።

ሳኪቺ ቶዮዳ ደግሞ የአናጢ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ተወለደ። በመንደሩ ሴቶቹ በእንጨት ዕቃ ይሸምኑ ነበር፤ እናቱም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። የመጀመሪያው ፈጠራው የእንጨት የእጅ ዕቃ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1891 የመብት ማረጋገጫ ተሰጠው። ዕቃው ማጉን በአንድ እጅ ብቻ ለመወርወርና ለመምታት የሚያስችል ነበር። ከዚያ በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ በእንፋሎትና በሞተር ወደሚሠራ፥ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ሙሉ አውቶማቲክ ዕቃ ደረሰ፤ አንዲት ሠራተኛ 30 ያህሉን ብቻዋን ትጠብቃለች። በ1922 ልጁ ኪኢቺሮ ሥራ ለማየት በኦልድሃም በፕላት ፋብሪካ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ በ1929 ፕላት ራሱ የቶዮዳን ዕቃ የመሥራት መብት በ100000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። የኪኢቺሮ የተሽከርካሪ ሥራ የተጀመረው በዚህ ገንዘብ ነው ይባላል፤ የተሽከርካሪው ክፍል በ1933 በዕቃ ፋብሪካው ውስጥ ተከፈተ፥ በ1937ም ቶዮታ የሚባለው ኩባንያ ራሱን ቻለ። ፕላት በበኩሉ በ1931 ከሌሎች መኪና ሠሪዎች ጋራ ተዋሕዶ፥ እየተዳከመ ኖሮ በ1982 ተዘጋ።

እነዚህ ሁለት ቤተ ሰቦች ከጉለሌ ጋራ ምን ያገናኛቸዋል ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። የሚያገናኛቸው አቡጀዲ ነው። በምኒልክ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ የናኘው ያልነጻ የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካ ሥራ ነበር፤ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የንግድ ውል የተዋዋለው ለዚህ ጭምር ነው። ከዚያ የሕንድና በመጨረሻም የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካውን አስወጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክት ወደ ጃፓን በተጓዙ ጊዜ፥ የጃፓን የጥጥ ልብስ በአገራችን ገበያ የበላይነቱን ይዞ ነበር። ስለዚህ የዶርዜው ሸማኔ በጉለሌ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚወዳደረው ከሌላ ሸማኔ ጋራ ሳይሆን፥ ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ከአናጢው ልጅ መኪናና እርሱን ከመሰሉት ጋራ ነበር። አቡጀዲው የዘወትር ልብሱን ገበያ ወሰደበት። የክብር ልብሱን ግን ሊወስድበት አልቻለም፤ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለሠርግ፥ ለለቅሶና ለበዓል የሚለበሰው ነጠላ፥ ጥለቱ በእጅ ጣት እየተለቀመ የሚገባው ጥበብ፥ መኪናው በቀላሉ የማይሠራው ነገር ሆኖ ቀረለት።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ከዚህ ይጀምራል። ሸማኔው የሚኖረው በፍጥነት ሳይሆን በጥበብ ነው። ዕቃውን ቢያፈጥነው የጥለቱ ሥራ አይፈጥንለትም፤ ጊዜ የሚወስደው የጣቱ ሥራ ነውና። ዕቃውን ለማሻሻል የሚያነሣሣው ትርፍ አልነበረም። ደግሞም ዕቃው እጅግ ርካሽ ነው፤ ማንም ወጣት ጥቂት እንጨት፥ ክርና አንድ ማበጠሪያ ካገኘ ራሱን ችሎ ይሠራል። በእንግሊዝና በጃፓን ዕቃ ሠሪውና ሸማኔው የተለያዩ ሰዎች ሆኑ፤ አንዱ ለሌላው መሸጥ ያዘ፥ ለመሸጥም ከጎረቤቱ የተሻለ መሥራት ነበረበት። በጉለሌ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ራሱ ለራሱ የሚሠራ ሰው ደንበኛ የለውም፤ ደንበኛ የሌለውም ፈጠራውን የሚገዛው አያገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ብረት ነው፥ ይህንም የምለው በድፍረት ሳይሆን ለውይይት ነው። ፕላት ቀጥቃጭ ነበር አልን። ዕቃ ከእንጨት ወደ ብረት ካልተለወጠ ወደ ሞተር አይደርስም። በእኛ አገር ግን ቀጥቃጭ የተገለለ፥ ሰው የሚፈራውና ጅብ ይሆናል እየተባለ የሚታማ ሰው ነበር። ሸማኔው፥ በተለይም ራሱ እንዳይናቅ የሚሰጋው፥ ከርሱ ጋራ አንድ ማዕድ ሊቀርብ፥ አንድ ሥራ ሊሠራ አልፈለገም። ይህን አስተያየቴን የሚቃወም ምሳሌ መኖሩን አልሸሽግም፤ ይኸውም የቤተ እስራኤል ነገር ነው። በጎንደር ዙሪያ በአንድ ቤተ እስራኤል መንደር፥ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ፥ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ይገኙ ነበር፤ ብረትና ድር በአንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል ማለት ነው። የብረት ዕቃ ግን ከዚያም አልወጣም። ርስት የሌለው፥ ባለ ርስቱ በፈለገ ጊዜ የሚያስነሣው ሰው ከባድ መሣሪያ አይተክልም፤ ጠቅልሎ የሚሸከመውን ይመርጣል። የጉለሌው ዕቃም ከጉድጓዱ በቀር ሁሉም በአንድ ሸክም የሚነሣ መሆኑን ሳስብ፥ ምናልባት ዋናው ምክንያት ብረቱ ሳይሆን መሬቱ ይሆን እላለሁ።

ፋብሪካ በመጣ ጊዜም መኪናው የመጣው ከነፋብሪካው ነው። ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1939 በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ከነጻነት በኋላ በአቃቂ ከሕንዶች ጋራ በሽርክና፥ በባሕር ዳርም እ.ኤ.አ. በ1961 ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሌሎች ተተከሉ። መኪኖቹ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ መለዋወጫቸውም እንዲሁ። ለጉለሌ ግን እነዚህ ፋብሪካዎች እንደ ተፈራው ሞትን ብቻ ይዘው አልመጡም። የፋብሪካ ክር ጠንካራና እኩል በመሆኑ ለድር ተመራጭ ሆነ፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ ቀጠለ። እንዲህ ሲሆን ሸማኔው ከሚስቱ እንዝርትና ከገበያ ባዘቶ ተላቅቆ በክር ነጋዴው እጅ ገባ። ከጥር 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሲሆኑና ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ፥ እ.ኤ.አ. በ1977ም የእደ ጥበብ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፥ ክር በማኅበር በኩል የሚታደልበት ዘመን እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ዕቃው የሸማኔው ነው፤ ክሩ ግን የሌላ ነው፥ የሸማው ዋጋም በሽሮ ሜዳ ነጋዴ አፍ ይቆረጣል። የመሣሪያው ባለቤት መሆን የሥራው ጌታ መሆን አለመሆኑን ከጉለሌ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የተሻሻለ ዕቃ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ አልጠፋም። ጉድጓድ የማይፈልግ፥ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራበት፥ ወርደ ሰፊ የሆነ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ዕቃ በየጊዜው ቀርቧል፤ ዛሬም በማኅበራት አዳራሽ ይታያል። ሸማኔው ወንበሩን ወድዶታል፤ እርጥበት ካለው ጉድጓድ ለዘመናት የተቀበለውን የወገብና የጉልበት ሕመም ያውቀዋልና። ነገር ግን ሰፊው ዕቃ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ አይገባም። አራት ሰው የሚያድርበት ቤት ቀን ላይ የሁለት ዕቃ አዳራሽ ነው፤ ሌሊት ዕቃው ተጠቅልሎ መኝታ ይነጠፋል። አሻሻዮቹ ስለ ዕቃው ብዙ አጥንተዋል፥ ስለ ቤቱ ግን የለኩት ጥቂት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ የእጅ ሽመና መንደሮች ላይ የወጣ አንድ ጥናት፥ ኤሌክትሪክ ባለበት ከተማ ሸማኔው ረዘም ያለ ሰዓት እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ በጉለሌ ዕቃ ላይ ከመቶ ዓመት ወዲህ የተጨመረው ትልቁ ለውጥ ከላዩ የተንጠለጠለው አምፑል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አምፑሉ ግን የሚያበራው ለአባት ብቻ አይደለም። የቤተ ሰብ ሥራ ሲባል የልጅ ሥራም ማለት ነው። ወንድ ልጅ አስቀድሞ ቀሰም ይጠቀልላል፥ ቀጥሎ ድር ያነሣል፥ እግሩ መርገጫው ዘንድ ሲደርስ ይቀመጣል። ከአባቱ ጋራ ሲሆን ይህ ትምህርት ነው፤ ማታ ከእናቱ እጅ ይበላል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን ከጋሞ ደጋ ትምህርትና ልብስ ይጠብቅሃል እየተባሉ በደላላ እጅ ወደ አዲስ አበባ የመጡ፥ ዘመዳቸው ባልሆነ ሰው ቤት ከንጋት እስከ ሌሊት ያለ ደመወዝ የሚሸምኑ ልጆች ታሪክ በብዙ ጥናት ተመዝግቧል። በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የሕፃናትና የግዳጅ ሥራ መዝገብ ውስጥም የኢትዮጵያ የእጅ ሸማ ስም ሰፍሯል። በዚህ ጉዳይ ስንጽፍ ሁለት ስሕተት እንሠራለን። አንዱ ወገን ሸማኔውን ሁሉ ልጅ ሻጭ ያደርገዋል፤ ይህ የድሮው ስድብ በአዲስ ልብስ ነው። ሌላው ወገን ባሕላችን ነው ብሎ ይሸፍነዋል። ዶርዜዎች ራሳቸው ግን የአጎት ቤትና የደላላ ቤት የተለያዩ መሆናቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ጠያቂ ካገኙም ይናገራሉ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሐበሻን ጥለት በመኪና አስመስለው ያተሙት የውጭ ጨርቅ በሽሮ ሜዳ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ዋጋው ከእጅ ሥራው እጅግ ያነሰ ነው። አቡጀዲ ያልደፈረውን የክብር ልብስ ገበያ ይህ እየደፈረው ነው። ከላይ ሸማኔው በጥበቡ ተጠብቆ ኖረ ያልኩት ነገር ከእንግዲህ ወዲያ እንደሚሠራ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ በጉለሌ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ደጋግሜ እሄድ ነበር። አያታቸው ከዶርዜ የመጡ፥ አባታቸውም በዚሁ መንደር የሸመኑ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ የተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ አውጥተው በአዲስ ስንጣሪ ሲተኩ፥ ስለ ሳኪቺ ቶዮዳ ነገርኳቸው። የልጃቸው ልጅ በቶዮታ ታክሲ ላይ ሾፌር ነው፤ ስሙ የዕቃ ሠሪ ስም መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ አሉ እንጂ ብዙም አልተደነቁም። ጥቂት ዝም ብለው ስንጣሪውን ሲልጡ ቆዩና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሰው ሳይነካው ይሸምናል አልከኝ። እሺ ልጄ፤ ቀሰሙ ሲያልቅበትስ ማን ይለውጥለታል?»

የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ዕቃ የፈታውን ዋናውን ችግር ነው። ማጉ ሲያልቅ ዕቃው ሳይቆም፥ የሰው እጅም ሳይገባበት፥ ባዶው መወርወሪያ ወጥቶ ሙሉው የሚተካበት መንገድ የተሟላው በዚያ ዕቃ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። እርሳቸውም ማበጠሪያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ጥርሶቹን እያዩ፥ በእርሳቸው ቤት ያንን ሥራ ሲሠራ የነበረው ይኸው ሾፌሩ ልጅ እንደ ነበረ፥ ሲጀምርም ስድስት ዓመቱ እንደ ነበረ ነገሩኝ።